የመጨረሻ ተጠቃሚ

ሰኞ፣ ቂርያት ጋት፣ የፋብሪካው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቴ ወደ ባቡሩ ሐዲድ የሚያይ፣
ከፊቴ አንድ ቫልቭ፣ መጠኑ ከብርቱካን እኩል፣
አሲድ የማይበላው፣ ሚዛኑ ኪሎ ተኩል።
ወተት ቤት ቢገባ ወተት ያሳልፋል፣
ማዳበሪያ ቢሉት ማዳበሪያው ያልፋል፣
ስሙን የማልጠራው መርዝ ቢላክበት
ያው እንደ ወተቱ፤ ልዩነት የለበት።

ሕጉም ይህን አውቆ ሁለት ደጅ አበጀ፣
አንዱን ብረት በሁለት ስም ፈረጀ፤
ገበሬ ከገዛው ኢኮኖሚ ሚኒስቴር ይገባል፣
ወታደር ከገዛው መከላከያ ይቀርባል።
እኔ ደሞ ከሁለቱ ደጆች መሐል ቆሜ
ቅጽ እሞላለሁ፤ ከታች ይፈርማል ስሜ።

አምስተኛው ሣጥን ሁሌ ያደክመኛል፦
«የመጨረሻ ተጠቃሚው ማነው?» ይለኛል።
አሥራ አንድ ዓመት ሞላሁት፤ ዛሬም አልገባኝም፣
መጨረሻ የሚባል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።
ቅኔ ቢሆን ኖሮ ሰሙን ገፍፌ ወርቁን ባወጣሁ፤
ይህ ግን ኒኬል ነው፤ ሰሙንም ወርቁንም አጣሁ።

የዛሬው ጥያቄ አርባ ቫልቭ ነው፣ በቶሎ፤
ዋጋ ሳይከራከር፣ «ቀድሜ ከፍያለሁ» ብሎ።
ለአይብ ፋብሪካ ነው፣ ይላል ደብዳቤው፤
አድራሻውን በካርታ ብፈልግ፣ የሶፋ ሱቅ ነው።
አርባ ቫልቭ ለስንት ላም? ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣
የዚያን አገር ላም ሁሉ ባንድ ጋጥ አሰለፍኩ፤
አልሞላ አለኝ።

ጊዶን መጣ፤ በሩን በትከሻው ደግፎ
«መርከቡ ሐሙስ ከአሽዶድ ይነሣል» አለ፣ ስልኩን አጥፎ።
«ሻጭ ነን እንጂ ዳኛ አይደለን፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው፣
ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤ ሌላው የሚኒስቴር ሥራ ነው።»
ክፉ ሰው አይደለም። ሠላሳ ቤተሰብ በሱ ደሞዝ ይበላል፤
የልጄም የጥርስ ሽቦ ከዚያው ይከፈላል።

ማታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ አለልኝ ቀጥቃጩ፣
ዛሬም ከጣቱ ሥጋ ውስጥ አለ የብረት ቁራጩ።
ባገሩ ሳለ ማረሻም ጦርም ይሠራ ነበር፣
ካንድ ፍም፣ ካንድ ወናፍ፣ ካንዲት ጎጆ ሥር፤
ቀን ማጭድ ያዘዘው ማታ ቡዳ ሲለው፣
ግማሹን ዋጋ ቆርጦ በእህል ሲከፍለው።

«አባ፣ ለምን እንደሚገዙህ ትጠይቅ ነበር?» አልኩት።
ሻዩን አማሰለ፣ ስኳር ሳይጨምርበት።
«አንድ ሰው መጣ» አለ፣ «መጥረቢያ ሥራልኝ ብሎ።
ለምንህ? አልኩት። ለእንጨት፣ አለኝ ቶሎ፤
በጣም ቶሎ።
ቶሎነቱን ሰማሁ። ሰማሁ፤ ግን ሠራሁለት።
በሦስተኛው ቀን የወንድሙን ሬሳ አሳለፉት በደጄ ፊት።
ከዚያ ወዲያ ገዢ ሲመጣ፣ የሚለውን ቃል ትቼ
ፍጥነቱን ሳዳምጥ ኖርኩ፣ እጄን ከወናፉ አንሥቼ።»

ማክሰኞ ለገዢው ጻፍኩ፣ በትሕትና፣ በዝርዝር፦
የላሞቹን ብዛት፣ የወተቱን ሊትር፣
የፋብሪካውን ፎቶ ከፊት፣ ከውስጥ፣ ከጓሮ።
መልሱ በአራት ደቂቃ ደረሰ፣ ዞሮ፦
«ሁሉም ይላካል። እባክዎ ይጫንልን።»
አራት ደቂቃ! ላም ቆጥሮ?

አምስተኛው ሣጥን ላይ «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩበት፤
በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ እውነት።
ጊዶን አልጮኸም፤
ቢጮኽብኝ ይሻል ነበር። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ምናልባት አይቡ እውነት ነው፤ ምናልባት ወተቱ
ይሄኔ እየኮመጠጠ ነው በየጋኑ፣ በየቤቱ፤
እዚያም አንዲት ሴት አለች ስሜን የምትረግም።
አላውቅም። ብያለሁ፤ አላውቅም።

ሐሙስ መርከቡ ሄደ፤ ቫልቩ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ፤
ቅጾቼን ተጭኖ ከነፋስ እየጠበቀ፣ ሦስተኛ ሥራ ጀመረ።